የእናቴ ፍራሽ፦ ከኮልፌ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ባለው የእናቴ ቤት ያደርኩባት የመጀመሪያ ሌሊት አልነጋ አለችኝ። ፍራሹ መሃሉ ሰርጉዷል። የአልጋው ርብራብ ጎኔን እየወጋኝ ስገላበጥ አደርኩ። ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ እኔው ከአሜሪካ ገንዘብ ልኬ ያስገዛሁት ፍራሽ ነው። እናቴ በስልክ ስጠይቃት «ወፍራም ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትለኝ ነበር። ጠዋት ግን ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ስትነሳ አየኋት።

ቁርስ ሳልበላ የፍራሹን ልብስ ዚፕ ከፈትኩ። ከላይና ከታች ሁለት ጣት የማይሞላ ነጭ ስፖንጅ ተነጥፏል። መሃሉ ግን ቢጫ፣ ሰማያዊና ሮዝ ቁርጥራጭ በማጣበቂያ የተጋገረበት ነው፤ በጣቴ ስቆነጥረው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ቁርጥራጭ ስፖንጅ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በደንብ ተጨምቆ ከተሠራ ጠንካራ ነው፣ ዓመታትም ያገለግላል። ክፋቱ ልል ሆኖ የተጋገረውን በአበባ ጨርቅ ሸፍኖ «ሙሉ ስፖንጅ ነው» ብሎ መሸጡ ነው።

እኔ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የራሴን ፍራሽ የገዛሁት በእጄ እንኳ ሳልነካው ነው። ተጠቅልሎ፣ አየሩ ተመጦ፣ በካርቶን ቤቴ ድረስ መጣ። 100 ሌሊት ተኝቼበት ካልተስማማኝ ይመልሱልኛል። ጠርዙ ላይ የተሰፋው ጨርቅ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነና አዲስ መሆኑን ይናገራል። ከሐምሌ 2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጥ ፍራሽ ሁሉ የእሳት ነበልባል መቋቋሚያ መስፈርት ማሟላት አለበት። እዚያ ገዢውን የሚጠብቀው ሕጉና የመመለሻው ቀን ነው። ኮልፌ ላይ ግን ፍራሹ አንዴ ታክሲ አናት ላይ ከታሰረ መመለሻ የለውም። ፍርዱ ብር ከመቆጠሩ በፊት ማለቅ አለበት።

ልጅ ሳለሁ ይህ ፍርድ በዓይናችን ፊት የሚሰጥ ነበር። «ፍራሽ አዳሽ!» የሚለው ድምፅ በሰፈሩ ሲያልፍ እናቴ ትጠራዋለች፤ ግቢው ውስጥ ጨርቁ ተተርትሮ ጥጡ በሙሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የጠቆረው ተለቅሞ ይወጣል፣ የተጓጎለው ይፍታታል፣ የጎደለው ይሞላል፣ ከዚያ በረጅም መርፌ ይሰፋል። በምን ላይ እንደምንተኛ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስፖንጁ ሲመጣ ያጣነው ይህን ነው፤ ውስጡን ማየት።

በሳምንቱ እናቴን ይዤ አዲስ ልንገዛ ወጣን። ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ90፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር። ሻጩ «ማዘር፣ ዴንሲቲው 25 ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው» አላት። ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኪዩብ የሚሆነው ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሚዛን ያወጣዋል። የዚያ ፍራሽ ይዘት 0.456 ሜትር ኪዩብ ነው፤ በ25 ሲባዛ 11 ኪሎ ከ400 ግራም ይመጣል። አጠገቡ ካለው እህል ቤት ሚዛን ላይ አጥፈን ጫንነው። ልብሱን ጨምሮ 9 ኪሎ! ዴንሲቲው 20 እንኳ አልሞላም። ሻጩ ዝም አለ፣ እኛም አመስግነን ወጣን። ሦስተኛው ሱቅ ያለው 12 ኪሎ ግድም መዘነ። ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተጋገረ ቁርጥራጭም ከባድ ሊሆን ይችላልና ዚፑን አስከፈትን። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ስፖንጅ ነው። በጉልበቴ ተጭኜ ስለቀው ወዲያው ተመለሰ።

እናቴ ግን «ለወገብማ እንደ መደብ የደረቀው ነው የሚሻል» ብላ ተከራከረች። ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስፔን ጥናት ሌላ ይላል፦ የቆየ የወገብ ሕመም ካለባቸው 313 ሰዎች መካከል ከ90 ቀን በኋላ ይበልጥ የተሻላቸው በመካከለኛ ጥንካሬ ፍራሽ ላይ የተኙት እንጂ በደረቁ ላይ የተኙት አልነበሩም። ነጠላዋን አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እንደምትተኛው በጎኗ እንድትጋደም ለመንኳት። ሰው እያየ መተኛቱ አሳፍሯት ነበር። ትከሻዋና ዳሌዋ ትንሽ ገባ አሉ፣ አከርካሪዋ ግን ቀጥ እንዳለ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየች። «ይሄ አቅፎ ያዘኝ» አለች። እሱን ገዛን።

ከባሕር ማዶ ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ የፍራሽ ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቼ፣ እንደ እኔ «ወፍራም ነው?» ብላችሁ ብቻ ስልኩን አትዝጉ። አንድ ወጣት ዘመድ አብሯቸው እንዲሄድ አድርጉ፤ ዚፑን ያስከፍት፣ ሚዛን ላይ ያውጣው፣ እናታችሁንም በጎናቸው ያስተኛቸው።