ረጅሙ ሰውዬ ደግሞ መጣ

ታኅሣሥ 8 ቀን 2017፣ አምደ ወርቅ

የእህቴ ልጅ ከሪያድ ደወለ። መጀመሪያ እናቱን ጠየቀ፣ ቀጥሎ ገብሱ ተወቅቶ እንደገባ ጠየቀ። ሦስተኛው ጥያቄው ግን «ጋሼ፣ ቅዳሜ ማን የሚያሸንፍ ይመስልሃል?» የሚል ነበር። እሱ ባለበት ከተማ ኦሌክሳንደር ኡሲክና ታይሰን ፊውሪ የከባድ ሚዛን ቡጢ የዓለም ሻምፒዮና የመልስ ግጥሚያቸውን ያደርጋሉ። የወረዳችን የደሃና ልጅ ሪያድን በቡጢ አያውቃትም፤ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን አድርጎ የሚደርስባት የሥራ ቦታ ናት። «ገብተህ ልታይ ነው?» ብለው ሳቀብኝ። «መብራቱን ከውጭ አያለሁ» አለ።

ታኅሣሥ 10

በክረምቱ በሜሞሪ የመጣልኝን የመጀመሪያውን ግጥሚያ ለጎረቤቴ ሽማግሌ ከፈትኩላቸው። ስልኩን ጀበናው ላይ አስደገፍነው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ነው የሚያዩት። ፊውሪ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ነው፤ ኡሲክ 1 ሜትር ከ91። ዘጠነኛው ዙር ላይ የኡሲክ ግራ እጅ ካገኘው በኋላ ረጅሙን ሰውዬ እግሩ ከዳው። ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው እየተላተመ ሄደ። ዳኛውም፣ ገመዱ ባይዘው ኖሮ ወድቆ ነበርና፣ ቆጠረበት።

«ይኼ ልጅ ጠጥቷል» አሉ ሽማግሌው።

ያ ግጥሚያ የተደረገው ግንቦት 10 ቀን 2016 ነው። ሁለቱ ዳኞች 115 ለ112 እና 114 ለ113 ለኡሲክ ሰጡ፤ ሦስተኛው 114 ለ113 ለፊውሪ። ሽማግሌውን ከቡጢው ይልቅ ይኼ ገረማቸው። በዕድሜያቸው ስንት እርቅ ላይ የተቀመጡ ሰው ናቸው። «አንዱ ሳይስማማ ተነሡ?» ብለው ጠየቁ። ውሉ ላይ የተሸነፈው ደግሞ እንዲገጥም ተጽፎለታል ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ያለ ውል ዋግ ውስጥ ቢጻፍ ሰው ያልቅ ነበር።»

ታኅሣሥ 11

ተማሪዎቼም ወሬው ደርሷቸዋል፤ የታሪክ ክፍለ ጊዜዬን በቡጢ አስፈጁኝ። እኔም አልጠላሁም። ከመልስ ግጥሚያዎች ሁሉ የእኔ ምርጫ የጥቁር አሜሪካዊው ቡጢኛ የጆ ሉዊስ ነው፤ እኛም አለንበትና።

ሰኔ 1927 ኒውዮርክ ላይ ሉዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አሸነፈው። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በመርከብ ሲያግዝ የነበረበት ጊዜ ነው። ለአሜሪካ ጥቁሮች ሉዊስ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራ ጣሊያን ነበሩ፤ ሃርለም በደስታ ታመሰች። በዓመቱ ሰኔ 12 ቀን 1928 ግን ጀርመናዊው ማክስ ሽመሊንግ ሉዊስን በ12ኛው ዙር ዘረረው። አዲስ አበባ በጣሊያን ከተያዘች ሁለት ወር አልሞላም ነበር። በ11ኛው ቀን ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ፤ የሰማቸው አልነበረም።

የመልሱ ግጥሚያ ሰኔ 15 ቀን 1930 ሆነ። ሉዊስ ሻምፒዮን ከተባለ ልክ ዓመቱ ነው። 70,000 ያህል ሰው ያንኪ ስታዲየም ገብቶ ገና ሳይደላደል፣ በ124 ሰከንድ አለቀ። (ሽመሊንግ የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም፤ ሂትለር ግን እንደ ራሱ ሰው አቅርቦት ነበር። ይኼን ለልጆቹ ሳልነግር አላለፍኩም።)

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ እዚህ ዋግ ውስጥ በጣሊያን ላይ የተነሡት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተይዘው አንገታቸው ተቆርጧል፤ ራሳቸውም በሰቆጣና በኮረም ገበያ ለሕዝብ ታይቷል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ጣሊያን የመጣው እኮ ለዓድዋ የመልስ ግጥሚያ ነው» አለ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ መርዝ ጋዝ ይዞ፣ ያለ ውል ብዬ ጨመርኩለት። ዋግሹም ጓንጉል ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ መዝመታቸውን ያነሳሁት ደወል ሲደወል ነው፤ ማንም አልሰማኝም።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነቅቼ ስልኬን አየሁ። ኔትወርክ የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ተመልሼ ተኛሁ። ከቅዳሴ በኋላ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ስወጣ የእህቴ ልጅ መልእክት ገባ፦ «116 ለ112፣ 116 ለ112፣ 116 ለ112። ኡሲክ።»

ፊውሪ ሚዛን ላይ 127 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ኡሲክ 102 ገደማ። 25 ኪሎ ማለት አንድ የተሞላ ጀሪካን ውኃና ትርፍ ነው። ያን ተሸክሞ 12 ዙር ክብደቱን እየጣለበት የመጣውን ሰውዬ፣ ትንሹ በእግሩ እያዞረ አደከመው። ጉልበት በእግር መሸነፉን ሳይ ደስ ይለኛል፤ አድሎ ነው ከተባለም ይባል። ፊውሪ ግን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ብሏል።

ለሽማግሌው ሦስቱም ዳኞች ተስማሙ አልኳቸው።

«እንግዲህ ዳኝነት ሆነ» አሉ። ጾም ነውና ቡናውን ከቆሎ ጋር ጠጣን።

ጥር 6

ፊውሪ ትናንት ቡጢ ማቆሙን ተናገረ። ሽማግሌው አላመኑም። «ይመለሳል» አሉ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ። ከዚህ ቀደምም አቁሜያለሁ ብሎ እንደተመለሰ ሳልነግራቸው ነው እንዲህ ያሉት።

የእህቴ ልጅ ያን ሌሊት መብራቱንም አላየ፤ የሌሊት ሥራ ላይ ነበር። ለገና የላከው ብር ደርሷል። እህቴ ስለ ፊውሪ ስናወራ ሰምታ ዝም አለች። ልጇ ከሄደ ለፋሲካ ሦስት ዓመት ይሞላዋል።