ልጆች የተጻፈውን ቃል እንዲመረምሩ ስለ ማስተማር

አባቶቻችን በሙግት ጊዜ ምስክሩን «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» እያሉ አጥብቀው ይጠይቁት ነበር። ዛሬ ግን በጋዜጣም ሆነ በእጅ ስልክ ተጽፎ የመጣ ቃል ምንም ሳይጠየቅ በልጆቻችን ልብ ሲገባ እናያለን።

ስለዚህ እኛ በቤታችን ልጆቹን ስናስጠና የውጫሌን ውል እናቀርብላቸዋለን። ይኸውም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተደረገው ነው። የ17ኛው አንቀጽ ነገር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ ነው ይላል እየተባለ ይነገራል። ኢጣልያም በዚሁ ተመርኩዛ በ1882 ዓ. ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ጠቡም እስከ ዓድዋ፥ እስከ 1888 ዓ. ም. አደረሰ።

ልጆቹ ወዲያው «የኛው እውነት፥ የነሱ ሐሰት ነው» ይላሉ። መልሱ ደስ ቢያሰኘንም እንዲሁ አንቀበለውም፤ ወደ 19ኛው አንቀጽ እንመራቸዋለን። በዚያም ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የተስማሙ ስለ ሆኑ እኩል ሥልጣን አላቸው ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። ውሉ ስለ ራሱ የመሰከረው ቃል በራሱ በውሉ ፈርሷልና።

በዚህ ጊዜ አንዲት ልጃችን «እኛ ኢጣልያንኛ አናውቅም፤ ታዲያ ግዴታ ይላል የምንለው በማን ቃል ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከኛ ከሽማግሌዎቹ ሊመጣ ይገባው ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ወዳጃችንን ጠርተን፥ ምን እንደምንፈልግ ሳንነግረው አንቀጹን አስነበብነው። «ኮንሴንቴ» የሚለውን ቃል «ይፈቅዳሉ፥ ይስማማሉ» ብሎ ተረጐመው። ልጅቱም ግዴታ የሚል ቃል ይገኝበት እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ መላልሳ ጠየቀችው፤ እርሱም እንደሌለበት ነገራት።

ወንድምዋ ግን «ታዲያ ኢጣልያ አላጠፋችም ማለት ነው?» ብሎ ተቈጣ። ብዙ ተከራከሩ፤ እኛም ዝም ብለን ሰማናቸው። በመጨረሻ ልጅቱ በደብተርዋ ላይ «ግዴታ ነው ይላል» ብላ የጻፈችውን ሠርዛ፥ «ይስማማሉ ይላል፤ ግዴታ ያደረገችው ኢጣልያ ናት» ብላ ጻፈች።