ከነፋሱ ማግስት በር የሚያንኳኳው ሰው

ጣሪያ ሰው ልብ የማይለው የቤት ክፍል ነው። ግድግዳ ይቀባል፣ ወለል ይወለወላል፣ መጋረጃ ይቀየራል። ጣሪያ ግን የሚታወሰው ሲያፈስ ወይም ነፋስ ይዞት ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ሚስማርና ስለ እንጨት እምብዛም ሳያውቅ፣ ልጆቹን ጎረቤት አስጠልሎ፣ ሰማዩ እንደገና ሲጠቁር እያየ፣ ትልቅ ገንዘብ የሚያስወጣ ውሳኔ በአንድ ቀን መወሰን አለበት። አንድ ቤተሰብ ከሚያወጣቸው ወጪዎች መካከል እንዲህ በድንጋጤና በጥድፊያ የሚወጣ ጥቂት ነው።

በበልግ ወራት፣ በክረምት መግቢያና መውጫም ይህ ነገር በየከተማው ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከብዳል፣ ከዝናቡ ነፋሱ ይቀድማል፣ አንዳንዴ በረዶ ይቀላቀላል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሰፈሩ ቆርቆሮ መንገድ ላይ ተበትኖ ይገኛል። በማግስቱ መሰላልና መዶሻ የያዙ፣ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች በየበሩ ይዞራሉ። ከእነሱ መካከል ሃያ ዓመት በሥራው ላይ የቆየ ባለሙያ አለ፤ መዶሻውን ትናንት የገዛም አለ። ሁለቱን በመልክ መለየት አይቻልም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ታማኝ ባለሙያ» ሲፈልግ ፊቱ የሚያሳምን፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ በመሐላ የሚያረጋግጥ ሰው ይፈልጋል። በጣሪያ ሥራ ግን ታማኝነት የሚታየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሠራተኛው ጣሪያው ለምን እንደተነሣ ማስረዳት መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው እስኪያልቅ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቆይ አስቀድሞ መስማማቱ ነው። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ ቢባል፣ ብዙ ሰው ነፋስ ጣሪያን ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ግን ወደ ላይ ይስበዋል። ስበቱ የሚበረታው በጠርዙ፣ በማዕዘኑና በአናቱ ላይ ነው። በር ወይም መስኮት ክፍት ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከታች ይገፋዋል። ስለዚህ ጣሪያን የሚያቆየው ማያያዣው ነው፤ ቆርቆሮው ከሞራሌው በሚስማር፣ ሞራሌው ጣሪያውን ከተሸከመው እንጨት፣ እንጨቱ ደግሞ ከግድግዳው በብረት ወይም በወፍራም ሽቦ መታሰር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከላላ የሌሎቹ መጥበቅ አያድንም። በየሰፈሩ የተለመደው ድንጋይና አሮጌ ጎማ መጫንም መፍትሔ አይሆንም። ጠርዙ ከተነሣ ድንጋዩ ራሱ ተንከባሎ ሰው ላይ ይወርዳል።

ይህን ያወቀ ባለቤት በር ላይ ለቆመው ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ቢያቀርብ ይበቃዋል፦ «ለምን ተነሣ?»

ለምሳሌ በጡረታ የሚኖሩ አንዲት መምህርት ይታሰቡ። የቤታቸው ጣሪያ ግማሹ ሄዷል። የመጀመሪያው ሰው ከግቢው በር ላይ ሆኖ ቀና ብሎ አየና ዋጋ ቆረጠ። «እማማ፣ ግማሹን አሁን ከሰጡኝ ቆርቆሮው ነገ ጠዋት እዚህ ይደርሳል። ዛሬ ካልያዝነው ግን ዋጋው ይጨምራል» አላቸው። ለምን ተነሣ ብለው ሲጠይቁት «ነፋሱ ኃይለኛ ነበራ!» አለ። ሁለተኛው መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፣ በተከፈተው በኩል ኮርኒሱን አየ፣ ሞራሌውን በመዶሻው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ወርዶ እጁን እያራገፈ «እማማ፣ ቆርቆሮው ደህና ነበር። በምሥራቅ በኩል ያለውን እንጨት ምስጥ በልቶታል፣ ሚስማሩ የሚይዘው ነገር አጥቷል። በዚያው እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ብመታልዎት የሚቀጥለው ነፋስ ይወስደዋል» አላቸው። የሁለተኛው ዋጋ ይበልጣል። ጎረቤቶች ሁሉ የመጀመሪያውን መከሩ። ርካሽ ነው፣ ነገ ይደርሳል፣ ደግሞም ሰው አክባሪ ነው።

ከበር ላይ ሆኖ ዋጋ የቆረጠው ሰው የተመነው የባለቤቷን ጭንቀት ነው። የጣሪያውን ዋጋ ገና አላወቀውም። እንዲህ ያለው ሰው የግድ ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ሥራውን የማያውቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለባለቤቷ ግን ውጤቱ አንድ ነው።

ማታለልም ካለ መንገዱ የታወቀ ነው። ዋነኛው ጌጅ ላይ ነው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 28 ከ32 ይወፍራል፣ 35 ደግሞ ከሁለቱም ይሳሳል። ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር በ28 ዋጋ 32 የሚያስገባ አለ። ሌላው ሚስማር ማሳሳት ነው። ከታች ሲታይ ቤቱ የተከደነ ይመስላል፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይገለጣል። ጎማ የሌለው ሚስማር መጠቀም፣ ሚስማሩን በጉብታው ላይ በመምታት ፈንታ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ መምታት፣ ቆርቆሮውን በደንብ ሳያደራርቡ መግጠም፣ ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ማስገባት (እንጨቱ ሲደርቅ ይሸበሸብና ሚስማሩ ይላላል) ሁሉም ከዚሁ ይመደባሉ። በመጨረሻም የተነቀለውን አሮጌ ቆርቆሮ «ቆሻሻ ላንሣልዎት» ብሎ ጭኖ መሄድ አለ። አሮጌ ቆርቆሮና እንጨት ገዢ አለው፤ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ይህን አይስተውም። የተነቀለው ዕቃ የባለቤቱ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ መከላከያው ከባድ አይደለም። ባለቤቱ ዕቃውን ራሱ ወይም ከሚያምነው ሰው ጋር ሄዶ ይግዛ፣ ደረሰኝ ይያዝ፣ ጌጁን ሱቁ ውስጥ በመለኪያ ያስለካ፣ ለሠራተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ ይክፈል። የዋጋ ዝርዝር ሲቀበልም ስንት ቆርቆሮ፣ በስንት ጌጅ፣ ስንት ኪሎ ሚስማር፣ ስንት ሜትር ሞራሌ የሚለው ተጽፎ ይሁን። «ጠቅላላ ይህን ያህል» የሚል አንድ ቁጥር ዝርዝር አይባልም። ሁለት ሦስት ሰው ዋጋ ሲያቀርብ ማወዳደር የሚቻለው ዝርዝሩ ሲኖር ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቀብዱ ነገር ነው። ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ ሰው ታሪክ የማይሰማበት ሰፈር የለም። ብዙዎች የማያውቁት ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አለማለቱን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ይኸው ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራን በሚመለከተው ክፍል፣ በአንቀጽ 3039፣ ሥራ ተቋራጩ ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጽናቱ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ይህን ሁሉ መጠየቅ የሚቻለው ግን ወረቀት ሲኖር ነው። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ ነው የሚል ክርክር ይነሣል። የሠራተኛው ሙሉ ስምና አድራሻ ከመታወቂያው ላይ ይመዝገብ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ ገንዘቡም በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። መታወቂያውን ለማሳየት የሚያኮርፍ ሰው ያኔውኑ ራሱን አስታወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ አለ። ዛሬ ማታ ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ልጅ ታሞ ተኝቷል፤ ማን ቁጭ ብሎ ውል ይጽፋል? የሰው ችኮላ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። መልሱ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። የዛሬው ማታ ሥራ ሌላ ነው፤ የቀሩትን አልጋና መጻሕፍት ወደ ደረቁ ክፍል ማዛወር፣ ክፍቱን በሸራ ወይም በወፍራም ላስቲክ ሸፍኖ በእንጨት ጠፍሮ መምታት፣ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ ማውረድ። ለዚህ የሰፈር ወጣትና የአንድ ቀን ዋጋ ይበቃል። እድሩም ለኀዘን የሚተክለው ሸራ አለው፤ ጣሪያው ለተነሣበት አባል ለሳምንት ቢያውሰው ለምን ይከፋል? ዋናው ጣሪያ ከዚያ በኋላ በሰከነ ልብ ይሠራል። የመጀመሪያውን ሌሊት በላስቲክ ያሳለፈ ሰው ለሦስትና ለአራት ቀን የማሰቢያ ጊዜ ገዝቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

ይህ የደሃ አገር ጣጣ ነው የሚል ካለ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የአሜሪካዋን ዳላስና አካባቢዋን ይጠይቅ። እዚያም በረዶ ጣሪያ ይደበድባል፣ በማግስቱም የማይታወቅ ሰው በር ያንኳኳል። ልዩነቱ እዚያ ቤቱ በአብዛኛው መድን ያለው መሆኑ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን አብዛኛው መኖሪያ ቤት መድን የለውም። የቴክሳስ ግዛት ለጣሪያ ሠራተኞች የግዛት ፈቃድ አትጠይቅም። እዚያ የተለመደው ማባበያ «ከኪስዎ የሚወጣውን ድርሻ እኛ እንተውልዎታለን» የሚል ነበር። ይህም ሥራውን ከማሳሳት ወይም ለመድን ድርጅቱ የተጋነነ ሂሳብ ከማቅረብ ውጪ ስለማይሆን፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2019 ጀምሮ በግዛቷ ሕግ ተከልክሏል። ሀብትና መድን ባለበትም ሰው የሚታለለው በዚያው በድንጋጤው ሰዓት ነው።

ከባሕር ማዶ ሆኖ ለእናቱ ጣሪያ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ገንዘቡ በዘመድ እጅ ያልፋል፣ ዘመዱ ሠራተኛውን ያመጣል፣ ፎቶግራፍ ይላካል። ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ጌጁና ሚስማሩ አይታዩም። ልጁ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከሚልክ እንጨቱ ሲያልቅ፣ ቆርቆሮው ሲመታ፣ አሸንዳው ሲገጠም እየከፋፈለ ቢልክ፣ ዘመዱንም ከሐሜት ያድነዋል፣ እናቱንም ከዝናብ።

ሚዛኑ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያደላ፣ የሠራተኛውም በደል መነገር አለበት። ሥራው ካለቀ በኋላ የመጨረሻውን ክፍያ በሰበብ አስባቡ የሚያስቀር ባለቤት ሞልቷል። ቀብድ ካልተሰጠኝ አልጀምርም የሚለው ሰው ምናልባት ባለፈው ወር የተካደ ሰው ነው። ስለዚህ ከክፍያው ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት በመቶው ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ በእድሩ ዳኛ እጅ ይቀመጥ። የሚለቀቅበት ቀን በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ከርክክቡ በኋላ አንድ ወር ይሁን። በዚያ ወር ዝናብ ጥሎ ጣሪያው ካላፈሰሰ ባለሙያው ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል። ካፈሰሰ መጥቶ ያስተካክላል። እንዲህ ያለውን ስምምነት ጥሩ ባለሙያ ይወደዋል፤ ገንዘቡ የትም እንደማይሄድ ያውቃልና። የሚሸሸው ሰው የሚሸሸው ዝናቡን ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ያለ ገመድ የሚወጣው ወጣት የሰው ልጅ ነው። ዋጋውን እስከ መጨረሻው ያወረደ ባለቤት ያወረደው ከገመዱ፣ ከመሰላሉና ከረዳቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ርካሹን ብቻ እየመረጠ ሥራ የሚሰጥ ሰፈር በጊዜ ብዛት ጥሩ ባለሙያዎቹን ያባርራል። እንጨቱን መርምሮ እውነቱን የተናገረው ሰው ሦስት ጊዜ ሥራ ካጣ በአራተኛው ከበር ላይ ሆኖ ዋጋ መቁረጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ «ታማኝ ሰው ጠፋ» ብሎ ማማረር ዋጋ የለውም።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከተጠጋጉ ቤቶች መካከል በደንብ ያልተመታ አንድ ቆርቆሮ ሲነሣ እንደ ሰይፍ ይበራል። የሚያርፈው የጎረቤት ግቢ ውስጥ፣ ልብስ የምታሰጣ እናት ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት «ርካሹን ያዙ» ብሎ ከመምከሩ በፊት የሚመክረው ስለ ራሱም ልጅ መሆኑን ያስብ። ከመጪው ዝናብ በፊት በአንድ ፀሐያማ ቀን መሰላል አስደግፎ፣ የሚያውቅ ሰው ጠርቶ፣ ሞራሌውን በመዶሻ ጫፍ ማስነካት ከሁሉም ይቀላል። ያ ሰው በነፋሱ ማግስትም የሚጠራ፣ ስሙና ቤቱ የሚታወቅ ሰው ይሆናል።