የአባዬ ቮልስ እና ሦስተኛው ፒስተን

የዛሬው ወጋችን ስለ መኪና ነው። መኪና የለንም ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉብን፤ እኛም ይህን ጉዳይ ስንጀምር መኪና አልነበረንም፤ የነበረን ዶሮ የሚያድርበት ቮልስ ነው።

"እኛ" ስንል እንደ ንጉሥ ራሳችንን በብዙ ቁጥር መጥራታችን አይደለም። በእርግጥ ሦስት ነን፤ ታላቅ ወንድማችን፣ መካከለኛውና ታናሿ እህታችን። አንዱ ያወራል፣ አንዱ ይተይባል፣ አንዷ ደግሞ "ይሄ ውሸት ነው፣ አውጡት" ትላለች። እሷ ያላወጣችውን ነው የምታነቡት።

አባዬ ሲያርፍ የተወልን ንብረት ዝርዝር አጭር ነበር። ቤቱ የቀበሌ ነው። ጡረታው የእማዬ ነው። የቀረው ግቢው ጥግ ላይ ከዘጠኝ ዓመት በላይ የቆመችው ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች፣ ጎማዋ የተኛ፣ ወለሏ በዝገት ተበልቶ ከውስጥ ሆኖ ሣር የሚታይባት። ወንበሯን አይጥ ወርሶታል። መሪዋ ብቻ አባዬ ይዞት እንደወረደ ነው።

ለነገሩ ቮልስ በዚህ ከተማ ተራ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣቻቸው ሮልስ ሮይስ ሳትሆን ቮልስ ነበረች። ቮልስ ያላት ሁለት በር ብቻ ነው፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር መታጠፍ፣ ሰውየውም መጎንበስ አለበት። ለንጉሥም ቢሆን ሌላ በር የላትም። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮው የፑኤብላ ፋብሪካ ወጣች። አዲስ አበባ ግን ይህ ዜና የደረሳት አይመስልም፤ ዛሬም ሽሮ ሜዳን ስትወጣ የምታጓራ ቮልስ አይጠፋም።

ለቅሶው እንዳለቀ ምክር ጎረፈልን። አንድ ደላላ መጣና በቮልሷ ዙሪያ አንዴ ተሽከርክሮ "በኪሎ ነው የምትሸጠው" አለን። አንድ ጓደኛችን ደግሞ ሞተሩን አውጥተን የኤሌክትሪክ እንድናስገባ መከረን። አባባሉ ቀልድ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ ድምፅ በሌላቸው የቻይና መኪኖች እየሞላ ነው። ታላቅ ወንድማችን የደላላውን ሐሳብ ደገፈ። "ሰው የሞተበት ቤት ላይ ብረት መጠበቅ ምን ይረባል? ሽጠን ለእማዬ ጣሪያውን እናስጠግን" አለ። እውነቱን ለመናገር ልክ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል።

ሦስተኛው ምክር የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። የአጎታችን ልጅ እዚያ ቅዳሜና እሑድ አሮጌ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። የዚያ አገር ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ አሮጌ ፎርድ፣ በተለይ ጣሪያ የሌላትን የ1932ቱን ሮድስተር፣ በርካሽ ይገዙና ፓራፋንጎዋን ነቅለው፣ ቪ ኤይት ሞተሯን ጎትጉተው እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደሙባት ነበር። ሆት ሮድ የሚሏት ያችን ነው። ዛሬ እሷን የሚያድሱ ሰዎች፣ አዲስ የሸቭሮሌ ሞተር በግማሽ ድካም በእጥፍ ጉልበት እያገኙ፣ የዘመኗን የፎርድ ሞተር ፍለጋ ጥሪታቸውን ይጨርሳሉ። "ሞተሩ ከዘመኑ ጋር ካልገጠመ መኪናዋ ልብስ ለብሳ የቆመች አሻንጉሊት ናት" አለን በስልክ። "የእናንተዋ ሞተር የራሷ ነው?"

ቦኔቱን (የቮልስ ሞተር ከኋላ መሆኑን ረስታችሁ ከፊት እንዳትፈልጉ) ከፍተን አየነው። ሞተር ነው። የራሷ መሆኑን በምን እንወቅ?

ለካስ በቁጥር ነው የሚታወቀው። ለውርስ ስም ማዛወር ሊብሬውን ስናወጣ የሞተር ቁጥሩ ተራ አኃዝ ነው፤ ፊደል የለውም። ከዲናሞው ሥር ያለውን የሞተሩን ቁጥር ለማየት በጋዝ የተነከረ ጨርቅ ይዘን የሠላሳ ዓመት ቅባት ፈገፈግን። ሲገለጥ በላቲኑ ኤፍ ይጀምራል። ፋብሪካው ቁጥሩ ላይ ፊደል ማስቀደም የጀመረው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1965 ወዲህ ሲሆን፣ ኤፍ ማለት ደግሞ 1300 ሞተር ማለት ነው። የእኛዋ ከዚያ ቀድማ የተወለደች፣ 1200 ሞተር የነበራት ናት። በአጭሩ፦ ያቺ ትምህርት ቤት ስታደርሰን የነበረችው መኪና ዕድሜያችንን ሙሉ በሰው ልብ ነበር የምትሄደው። ስሙን የማንጠራው ቢሮ ያለ መርማሪም አጎንብሶ አየና "አይገጥምም" ብሎ ወረቀታችንን መለሰልን።

*

የአባዬ መካኒክ አሁንም በሕይወት አለ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንለው፤ እዚህም ጋሼ ይሁኑልን። ሰማንያን ተሻግረዋል፣ እጃቸው ግን ካቻቢቴ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም። ጥያቄያችንን ሰምተው ሳቁ።

"ሞተሩን እኔ ነኝ የቀየርኩት። ከተጋጨች ቮልስ የወጣ ነው። አሮጌውን አባታችሁ ይዞት ሄደ። ቤት ፈልጉ።"

"ለምን አስቀመጠው ጋሼ? ሊያሠራው አስቦ ነው?" አልናቸው፤ የሚያምር መልስ ጓጉተን።

"ብር ስላልነበረው ነዋ! ብር ቢኖረው ያኔ አይሠራውም?"

ዕቃ ቤቱን ገለበጥነው። ከባዶ በርሜል ጀርባ፣ በሁለት ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በግሪስ ተለብጦ ተቀምጧል። ቁጥሩን ጠርገን ከሊብሬው ጋር አስተያየነው። ገጠመ። ታናሿ ጮኸች። እማዬ ጩኸቱን ሰምታ ስትመጣ ጆንያውን አየች፣ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ሰምተነው የማናውቀውን ነገረችን።

ዘመኑ 1984 ዓ.ም. ነው። ታላቅ ወንድማችን ዓመት አልሞላውም። ለአያታችን ሊያሳዩት ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄዱ ጎሃ ጽዮን ላይ ትኩሳት ያዘው። አባይ በረሃን ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ ልጁ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ደጀን ሊደርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ከኋላ "ጧ!" አለና ቀይ መብራት በራ።

እዚህ ላይ ስለ ቮልስ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠጣም። ዲናሞውን የምታዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ፋን የምታዞር እሷው ናት። ስለዚህ ቀዩ መብራት ሲበራ "ባትሪ አልሞላም" ብቻ ሳይሆን "አየርም የለኝም" ማለት ሊሆን ይችላል። ባለ ቮልስ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ወዲያው ያቆማል። አባዬም ያውቅ ነበር።

"ትርፍ ቺንጋ የለውም። ነጠላዬን ቀድጄ ልስጥህ አልኩት፣ አይሆንም አለኝ። ልጁን አየው፣ መብራቱን አየው፣ ነዳው" አለች እማዬ። "ጤና ጣቢያው በር ላይ አጠፋት። ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም።"

ታላቅ ወንድማችን ምንም አልተናገረም። (እዚህ ጋ እሱ ራሱ ነው የሚተይበው፤ ምን እንደተሰማው ጻፍ ብንለው "እለፉት" አለን።) በማግስቱ ግን ሞተሩን ታክሲ ላይ ጭኖ ጋሼ ዘንድ የወሰደው እሱ ነው። ስለ ደላላው ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

*

የዚህ ሞተር ቤት ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ለዚህ ነው ሙሉ ሞተሩ መቶ ኪሎ ገደማ ብቻ የሚመዝነው። እንደ ባቄላ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከመኪናዋ ጋር የሚያያዘው ደግሞ በአራት ቡሎን ነው፤ አንድ ክሪክና ሦስት ቸኩሎ የማይቆጣ ሰው ካለ በአንድ ረፋድ ይወርዳል። (ሦስታችንም ቸኩለን እንቆጣለን። ሙሉ ቀን ፈጀብን።)

ጋሼ አራቱን ሲሊንደር ሲያወጡ ሦስቱ በቀላሉ መጡ። ሦስተኛው ቁጥር እንቢ አለ። ፒስተኑ ከካሚቻው ጋር ቀልጦ ተጣብቋል። "አውቄዋለሁ" አሉ። "በዚህ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ሦስተኛው ላይ የሚመጣውን አየር ይሻማዋል። ሲነድ መጀመሪያ የሚነደው እሱ ነው።" በእንጨት መዶሻ እየመቱ አወጡት። ግማሽ ጎኑ የተላጠ፣ ፋሻዎቹ እዚያው የተቀበሩ ፒስተን ነው። መጣያው ውስጥ ሊጥሉት ሲሉ ታላቅ ወንድማችን ተቀበላቸው።

ፒስተንና ካሚቻው ከካሊፎርኒያ በሰው እጅ መጣ። አንድ ሻንጣ ሙሉ ብረት እንዲያመጣልን ያስቸገርነው መንገደኛ እስከ ዛሬ ስልካችንን አያነሣም። ክራንኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተለካ፤ ጭረቱ ቀላል ስለነበረ ተወልውሎ ተመለሰ። የቀረውን ሶማሌ ተራ ላይ ታች ስንል አገኘነው። በጣም ያንከራተቱን በሞተሩ ዙሪያ የሚገጠሙት ላሜራዎች ናቸው፤ ብዙ መካኒክ "ምን ይሠራሉ" ብሎ ይጥላቸዋል። ጋሼ ግን አንዷ ብትጎድል አንገጥምም አሉ፤ አየሩ በእነሱ እየተመራ ነው ሲሊንደሮቹ ላይ የሚደርሰው። የዘይት ማጣሪያም የለውም፣ ከሥር ያለ ወንፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ካልቀየርክለት ይበላሃል።

ሞተሩ ጋራዥ እያለ ባቲላሜራው ወለሉን ቆርጦ አዲስ በየደ። ስቱኮ እንዲያበዛ አልፈቀድንለትም፤ አጉረመረመ። ኤሌክትሪኳ ባለ 6 ቮልት ነው፤ የፊት መብራቷ ሲበራ ከሻማ ትንሽ ይሻላል። ወደ 12 እንቀይረው ብለን ተጨቃጨቅን። በ6 ቀረ፤ ማታ ማታ አንነዳትም።

አንድ ነገር ግን ከፋብሪካው እንዳለ አልተውንም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በጀርመን ልክ የተቃኘ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚኑን ያበዛና ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ጋሼ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ ቀየሩት። የ34 ፈረስ ጉልበቷም እዚህ ሲደርስ ወደ 27 ይወርዳል። እንጦጦ ላይ የምታጓራው ወዳ አይደለም።

*

አሁን ወደ ጸባችን። ሞተሩ ተሠርቶ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ታናሿ "ቆይ" አለች። "አባዬ ለዓመታት የነዳው ባለ ኤፉን ነው። እኔን ትምህርት ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ከሩቅ ድምፁን ሰምቼ 'አባዬ መጣ' ስል የነበረው እሱን ነው። አሁን እሱን 'የተሳሳተ ሞተር' ብለን ልናወጣው ነው?"

መልስ አጣን። የካሊፎርኒያው ሕግ ሞተሩ ከመኪናዋ ዘመን ጋር ይግጠም ይላል። የማን ዘመን ጋር ነው ግን? የፋብሪካው 1965 ወይስ የእኛ ልጅነት? ማደስ ማለት ወደ ኋላ መመለስ ከሆነ የት ጋ ስትደርስ እንደምታቆም የሚነግርህ የለም። በሊብሬው ልክ የሆነውን ሞተር ድምፅ ከመካከላችን የሚያውቀው አልነበረም። አንዱ ሰምቶታል፤ ግን ዓመት አልሞላውም ነበር፣ ያኔም ዓይኑን አልገለጠም።

የወሰነልን ወረቀቱ ነው ብንል ግማሽ እውነት ይሆናል። ሌላው ግማሽ እማዬ ናት። "ያን ሞተር አባታችሁ ለእኔ አንድም ቀን 'ተቃጠለብኝ' ብሎኝ አያውቅም" አለች። "ዕዳው ግን ነበረበት። ክፈሉለት።"

የተነሣችው እሑድ ጠዋት ነው። ሦስት ጊዜ አጉረምርማ እንቢ አለች። ጋሼ ፑንቲናውን በሥጋት ሳይሆን በስድብ አስተካከሉት። በአራተኛው ያዘች። ያ የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ እኛ ከምናውቀው ቀጠን ያለ ነው። ሁላችንም ወደ ኩሽናው በር ዞርን። እማዬ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች፣ ጥቂት አዳመጠች።

"ያኔም እንዲህ ነበር የምትጮኸው" አለች። "ማርሚታዋን አሠሩ፣ ሰው ተኝቷል።"

ወረቀቱ አለፈ፣ ቦሎው ተለጠፈ። ጣሪያው ገና ነው፤ ተራው የእሱ ነው ተባብለናል። ሦስተኛው ፒስተን ቡፌው ላይ ከአባዬ ፎቶ ጎን ተቀምጧል፤ እንግዳ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲል ታላቅ ወንድማችን "አመድ መተርኮሻ" እያለ ይቀልዳል።

ባለ ኤፉን ሞተር አልሸጥነውም። ዘይቱን አፍስሰን፣ ግሪስ ቀብተን፣ በእነዚያው ሁለት ጆንያ ጠቅልለን ከበርሜሉ ጀርባ አስቀመጥነው። ጋሼ ሲያዩን "እናንተም ብር የላችሁም ማለት ነው?" አሉ።

የለንም ጋሼ።