ፓርከር ያለው ማነው?

በእኛ ልጅነት ድባጤ ውስጥ የሰው ሀብት በከብት ወይም በሰሊጥ ኩንታል ይቆጠራል ያለ ሰው እኛን አልጠየቀንም ማለት ነው። ለእኛ ሀብታም ማለት ፓርከር፣ ማለትም ማርከር፣ ያለው ነበር። ጥቁር ብቻ ያለው ደህና ኗሪ ነው፤ ጥቁርና ቀይ ያለው ባለጸጋ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ጨምሮ ደረት ኪሱ ላይ የደረደረ ሰው ካየን ግን ከአሶሳ ለሥራ የመጣ እንግዳ መሆኑን ሳንጠይቅ እናውቃለን።

ፓርከር ወደ ከተማችን የሚገባው ከስልጠና ጋር ነው። ስለ ወባ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ትልልቅ ነጭ ወረቀት ይሰቀላል። አሰልጣኙ ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ «የችግሩ መንስኤዎች» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። ተሰብሳቢው አበሉን ይጠብቃል፤ እኛ መስኮቱ ሥር ተኮልኩለን ፓርከሩ የሚደርቅበትን ሰዓት እንጠብቃለን። መስመሩ መሳሳት ሲጀምር አሰልጣኙ ፓርከሩን ያራግፋል፣ ይሞክራል፣ ደግሞ ያራግፋል፣ ተስፋ ሲቆርጥ በመስኮት ይወረውረዋል። ከዚያ በኋላ የነበረውን ግፊያ የድባጤ አቧራ ይመስክር!

ደረቀ የተባለ ፓርከር እኮ አልሞተም። ቀለሙ በአልኮል የተበጠበጠ ነው፤ አልኮሉ ሲተን ቀለሙ ከሙጫው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ የጠፋው አልኮሉ እንጂ ቀለሙ አላለቀም። ይህን ማንም ሳያስተምረን ደረስንበት። ከታላቅ እህት ሽቶ ጠብ ይደረጋል፤ ከጤና ጣቢያ የመርፌ አልኮል ይለመናል፤ ሁለቱም ከጠፉ ዳግም አረቄ አለ። ጓደኛዬ አንድ ቀን አያቱ ዘንድ ሄዶ «እማማ፣ ለፓርከር ትንሽ አረቄ ስጪኝ» ቢላት፣ «ይሄ ፓርከር የምትሉት ሰውዬ ደግሞ በጠዋት ነው እንዴ የሚጠጣው?» ብላ በመለኪያ ቀዳችለት። ፓርከሩ ጠጣ፣ ነቃ፣ አማረበት። የጻፍንበት ደብተር ግን ሠርግ ቤት ሠርግ ቤት ይሸት ነበር።

የፓርከር አባት ማን እንደሆነ የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ሊ ኒውማን የተባለ አሜሪካዊ ጫፉ ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ መጻፊያ በስሙ አስመዘገበ። በ1953 ኒውዮርክ ውስጥ ሲድኒ ሮዘንታል ትንሽ የቀለም ብልቃጥ ላይ የሱፍ ጫፍ ሰክቶ ማጂክ ማርከር ብሎ ሸጠው። በ1964 ደግሞ እንደ እስክሪብቶ በጣት የሚያዘው ሻርፒ ወጣ። ሦስቱም ስለ ዳግም አረቄ ያሰቡበት አይመስለኝም።

ፓርከሩ ቢገኝ ወረቀቱ ከየት ይምጣ? ወረቀት ውድ ነው፤ ማዳበሪያ ግን ሞልቷል። ገበሬው ዩሪያና ዳፑን ማሳው ላይ በትኖ ሲጨርስ፣ 50 ኪሎ የያዘው ነጭ ከረጢት የበቆሎ መያዣ፣ የዝናብ መከላከያ፣ የመቀመጫ ምንጣፍ ይሆናል። ትምህርት ቤት ሲደርስ ደግሞ ሠዓሊ ቤት ይገባል። ቲቸር በምላጭ ተርትሮ፣ አጥቦ አስጥቶ ይገለብጠዋል፤ ላይና ታቹን ቀርከሃ አስገብቶ ይወጥረዋል። ቀርከሃ እንደሆነ በዞናችን በመተከል ችግር የለም። ጠመኔ ማዳበሪያ ላይ አይይዝም፤ እስክሪብቶ ይንሸራተታል፤ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ፈስሶ ይወርዳል። ፓርከር ብቻ እንደነካው ተጣብቆ ይቀራል።

በአንዱ ማዳበሪያ ላይ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ 231 ሆነው ይሰለፋሉ። በሌላው የአፍሪካ ካርታ፣ በሦስተኛው አንጀቱ የተገለጠ ሰውዬ። ከተገለበጠው ከረጢት ጀርባ የፋብሪካው ጽሑፍ በስሱ ይታይ ስለነበር፣ «ሆድ ውስጥ ምን ምን እናገኛለን?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ የክፍላችን ልጅ እጁን አውጥቶ «ዩሪያ፣ 46 በመቶ!» ብሎ መለሰ። ቲቸር ራሱ ጀርባውን ሰጥቶን ነው የሳቀው። ሥዕሎቹ መስኮት አጠገብ ስለሚሰቀሉ ቀዩ ቀለም ከሁሉ ቀድሞ በፀሐይ ይለቃል። ዓመቱ ሲያልቅ የሰውየው ልብ ጠፍቶ ሳንባው ብቻውን ይቀራል። ልብ የሌለው ሰው እየተባለ እስከሚቀጥለው መስከረም ሲያገለግል ቆይቶ፣ ያ ሁሉ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ ፔዳጎጂካል ማዕከል የምትባለዋ ክፍል ይገባል። አገሪቱ ውስጥ ስንት የሥነ ጥበብ ጋለሪ በዚህ ስም በር ተዘግቶበት እንደሚኖር እግዜር ይወቀው።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ የየቤታችን ግድግዳ ይጠብቀናል። ጭቃው ላይ አዲስ ዘመን ጋዜጣ የተለጠፈበት ቤት ሁሉ ለእኛ ስቱዲዮ ነው። ሚኒስትሩ ጺም ይበቅልለታል፤ ግብ ጠባቂው መነጽር ያደርጋል፤ ሪባን የሚቆርጡት እንግዳ ጉትቻ ይንጠለጠልላቸዋል። ከዚያ ቃላት እያጠቆርን በቀሩት አስቂኝ አረፍተ ነገር መሥራት ጀመርን። ከአንድ ሙሉ ዜና ላይ «ኃላፊው» «ሦስት» «ዶሮ» «ማስመረቃቸውን» «ገለጹ» የሚሉትን ብቻ አስቀርተን ምሳ ሰዓት ላይ ጮክ ብለን እናነባለን። ኦስቲን ክሊዮን የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጣ በማርከር እያጠቆረ በቀሩት ቃላት ግጥም ሠርቶ በአውሮፓውያን 2010 መጽሐፍ ማሳተሙን ስሰማ፣ እናቴ ይህን ሥራ በጥፊ ነበር የሸለመችው አልኩ።

የሰፈራችን የኳስ ቡድን ማልያም የፓርከር ሥራ ነበር። ነጭ ካናቴራ ከየቤቱ ይሰበሰባል፣ አንድ ጽሑፉ የሚያምር ልጅ ጀርባችን ላይ ቁጥር ይጽፋል። ካናቴራው ስስ ነው፤ የምንጻፈውም ለብሰነው ነው። ቀለሙ ዘልቆ ቆዳ ላይ ይቀራል። ወንዝ ወርደን ልብሳችንን ስናወልቅ እንኳ 7 ቁጥር 7 ነው፤ 10 ቁጥር 10 ነው። በረኛው ራቁቱን ሲዋኝ ከሩቅ ይታወቅ ነበር!

ስለ ፓርከር ዋናውን ነገር ያስተማሩኝ ግን ሠዓሊዎች ሳይሆኑ የሰፈራችን እናቶች ናቸው። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲመጣ ትሪው፣ ሳህኑ፣ ጭልፋው፣ ብርጭቆው ከየቤቱ ተውሶ ይወጣል። ድንኳኑ ሲፈርስ የማን የማን እንደሆነ እንዴት ይለያል? ድሮ ከሥሩ ኩቴክስ ጠብ ይደረግበት ነበር፤ ችግሩ ከተማው ውስጥ ያለው ኩቴክስ ሁሉ ቀይ ነው። ክር የሚያስሩም ነበሩ፤ ክሩ ሲታጠብ ይወልቃል። ፓርከር ከመጣ በኋላ የእድሩ ጸሐፊ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። «ጋሼ፣ እባክዎ የእኔን በትልቁ ይጻፉልኝ» ይባላሉ፤ እሳቸውም የስም መነሻ ፊደል እያሳመሩ ይጽፋሉ። በሳሙናና በአመድ ሲፈተግ ስለሚለቅ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የማይለቅ የተባለው ቀለም የእናቶቻችንን ክንድ አልቻለም።

ያኔ ያልገባኝ አሁን ነው የገባኝ። ሰው ዕቃው ላይ ስሙን የሚጽፈው «የእኔ ነው፣ አትንኩ» ለማለት ይመስለኝ ነበር። ትሪው ላይ ግን ስም የሚጻፈው ከቤት እንዲወጣ ነው። ስም የሌለው ትሪ ይጠፋል ተብሎ አይሰጥም፤ ስም ያለው ሰፈሩን ዞሮ፣ ሦስት ድንኳን አገልግሎ፣ አንዳንዴም ከሌላ ቤት ዳቦ ይዞ ይመለሳል።

ሸሚዛችንም እንደዚያው ነበር። መጀመሪያ ዘመኑ የኦቶግራፍ ነው፤ የምትወደው ቀለም፣ የምትወደው ምግብ፣ «የሕይወት ፍልስፍናህ ምንድን ነው?» በሚሉ ጥያቄዎች የተሞላ ደብተር ይዞራል። የ14 ዓመት ልጅ የሕይወት ፍልስፍናውን እየላሰ በሚጽፍበት እስክሪብቶ ያሰፍራል። ኋላ ግን ደብተሩ ቀረና የመጨረሻዋ የፈተና ቀን የዩኒፎርሙ ሸሚዝ ራሱ ወረቀት ሆነ። ከፈተና ስንወጣ ግቢው ውስጥ የሚሰማው አንድ ጩኸት ነው፤ «ፓርከር ያለው ማነው?» አንዲት ፓርከር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ስንቱን ጀርባ ጻፈች! ዓመቱን ሙሉ ያላናገረችህ ልጅ የእጅጌህ ጫፍ ላይ ልብ ስላ ትሄዳለች፤ ያንን እጅጌ እናትህ እንዳታጥበው ስትከላከል ክረምቱ ያልቃል።

ከዚያ ግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገባሁና እኔም «ቲቸር» ተባልኩ። መጋቢት 24 ቀን 2003 በዚሁ በእኛው ዞን፣ ጉባ ላይ፣ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ያስተማርኳቸው ልጆች ሌላ ነገር መሳል እምቢ አሉ። ፓርከር ያኔ በሱቅ መገኘት ጀምሯል፤ ከከተማው ሱቆች በአንድ ሳምንት ያለቀው ግን ሰማያዊው ብቻ ነው። ሐይቁን ማን ይሙላው! አንዱ ማዳበሪያ ለውሃው ስላልበቃቸው ሁለተኛ ሰፉበት። ከሥሩ በትልቁ «5,250 ሜጋ ዋት» ብለው ጻፉ። ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ 6,000 ሆነ ተባለ፤ ሰረዙና ጻፉ። ደግሞ ወደ 6,450 ከፍ አለ፤ ሰረዙና ጻፉ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ነበር። ያ ማዳበሪያ እስካሁን አለ፤ ከግድቡ ይልቅ ስርዙ ይበዛበታል፤ የሠሩት ልጆች ዛሬ ልጆች ወልደው እያሳዩ ይስቁበታል።

በመሃል የ2013ን ዓመት ዘልዬ አላልፍም። መተከል ላይ በደረሰው ግድያ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ብዙው ቻግኒ ራንች መጠለያ ገባ። እዚያም ፓርከር ይፈለግ ነበር፤ ጀሪካን ላይ ስም ለመጻፍ። ቢጫው ጀሪካን ከነስሙ ውሃ ወረፋ ይይዛል፤ ባለቤቱ ደክሞት ቢቀመጥ የጎረቤቱ ልጅ ስሙን አንብቦ ይቀዳለታል። የትሪው ሥርዓት አብሮ ተሰዶ ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው ፓኬት ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ይገኛል፤ ሮዝ አለ፣ ወርቃማ አለ፣ ጨለማ ውስጥ ያበራል የሚባል ሁሉ አለ! አቡጀዲ ላይ በብሩሽ ይጻፍ የነበረው መፈክር በማሽን የታተመ ባነር ሆኗል። ዳፕ የሚለው ከረጢት ጠፍቶ ኤንፒኤስ የሚል የመጣበት ጊዜም ነበር። ፔዳጎጂካል ማዕከላችን በር ላይ ከ«ሀ ሁ» ጎን ጉሙዝኛና ሽናሽኛ በላቲን ፊደላቸው ተሰቅለዋል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ የጉሙዝ ጓደኛዬ ቋንቋውን የሚያወራበት እንጂ የሚያነብበት ሰሌዳ አልነበረውም። አሁን የእሱ ልጅ የቤቱን ዕቃ ስም በራሱ ቋንቋ ጽፎ ሥዕል ያደርግበታል፤ የሽናሻ ልጆች ደግሞ በመስከረም ለዘመን መለወጫቸው ለጋሪ ዎሮ የራሳቸውን ሥዕል ይዘው ይወጣሉ። ነጩ ሰሌዳ ላይ በማይለቀው ፓርከር የሚጽፍ መምህር ሲገኝም አገር አይያዝም፤ ልጆቹ በሚለቀው ፓርከር ላዩ ላይ ይጽፉበትና አብረው ይወለውሉታል። ይህን ዘዴ በእኛ ጊዜ የሚያውቅ ቢኖር የትምህርት ቢሮ ኃላፊ ይሆን ነበር!

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም፤ ሁሉም የየራሱ ፓኬት ስላለው ማንም ማንንም አይጠይቅም። ስለዚህ የሥነ ጥበብ ክበባችን ሕግ አወጣ። ፓኬቶቹ ሁሉ ይፈቱና አንድ ባልዲ ውስጥ ይደባለቃሉ። ማዳበሪያዎቹ በጆንያ መርፌ ተሰፍተው የግድግዳ ያህል ይሰፋሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ የመጣበትን ሰፈር ይስልና ከጎረቤቱ ሥዕል ጋር በመንገድ ያገናኘዋል። መንገዱን የሚስሉት ሁለቱ ተነጋግረው ነው። ለቀለም የሚደረገው ግፊያ ተመልሶ መጣ፤ እኔም በደስታ ጆሮዬን ያዝኩ።

ይህን ያዩ የእድሩ እናቶች «ቲቸር፣ የእኛን ትሪ ደግሞ ልጆቹ ይሳሉልን፤ በፊደል ስንጽፍ የ‹አ› ብዛት አስቸገረን» ብለው መጡ። እውነታቸውን ነው፤ በእድሩ ውስጥ ስማቸው በ‹አ› የማይጀምር ስንት ናቸው? ልጆቹ ለአንዷ አበባ፣ ለአንዷ ማንጎ፣ ለአንዷ ዓሣ እየሳሉ ትሪውን ሁሉ አስጌጡት። የመጀመሪያው ሠርግ ደረሰ፤ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ዕቃ ምለሳ ተጀመረ። ዓሣ ያለበት ትሪ ሲነሳ ሦስት እናቶች በአንድ ጊዜ «የእኔ ነው!» አሉ። ለካስ አንዲት የክበባችን ልጅ ዓሣ መሳል ስለሚዋጣላት ለምትወዳቸው ሁሉ ዓሣ ስላ ኖሯል! ሦስቱም ለጥቂት ጊዜ ተፋጠጡ፤ ከዚያ ሳቁና በየሳምንቱ በየተራ ሊይዙት ተስማሙ። ባለፈው እሁድ እኛ ቤት ነበር፤ ዳቦ ይዞ መጥቶ ባዶውን አልተመለሰም።