ካርድ ፍለጋ፣ ድሮና ዘንድሮ

አቤት ያ ካርድ ክፍል! በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ስቀጠር የተመደብኩት እዚያ ነበር። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ ነው፤ ፎልደሩ በቁጥር ተደርድሮ፣ መሰላሉ ተደግፎ፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ሳይነጋ የመጣ ሰው እጁን ዘርግቶ «እህቴ፣ በናትሽ የእኔን ቶሎ አውጪልኝ» ይላል። የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባትን ብጣሽ ካርቶን ይዞ ከመጣ ቀኑ ፋሲካ ነው። «ጠፍታብኛለች» ካለ ግን በስም ፍለጋ ይጀመራል። የአባት ስም? የአያት ስም? መጨረሻ የታከሙት መቼ ነው? ያኔስ የት ሰፈር ነበሩ?

ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንድ የቆየ ሠራተኛ ነበር። የዚያ ሰው ጭንቅላት! የነባር ታካሚዎችን ቁጥር በቃሉ ይዞ፣ መልካቸውን ከበር ሲያይ እጁ ቀድሞ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ቦታው ላይ ያልተገኘ ካርድ የት እንደሚደበቅም ያውቃል፦ የሐኪሙ መሳቢያ፣ የላብራቶሪው መስኮት ላይ ያለው ክምር፣ የገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ሥር። አንድ ቀን የአንዲት እናት ካርድ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ስንዳክር ውለን፣ ጋሼ ከጎረቤቱ ፎልደር ውስጥ ተሰክቶ አግኝቶ ሲያወጣው በእልልታ ካርድ ክፍሉን አናወጥነው። እማማም በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው፣ የጋሼን እጅ ይዘው መረቁት። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይበራል።

ያልተገኘውስ? ያልተገኘው አዲስ ካርድ ይከፈትለታል። በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ የተጻፈበት የድሮው ሽፋን አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ነው ካርድ ክፍልን እንደ ዕቃ ማከማቻ የሚያይ ሰው የሚያናድደኝ። ሐኪም ስለ ታካሚው የሚያውቀው እኛ ያወጣንለትን ያህል ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በመንግሥት ሆስፒታሎች ስማርትኬር የሚባል ሲስተም ገባ ሲባል ወሬው እኛ ጋ ደረሰ። እኔም «ካርዱ በኮምፒውተር ይወጣል» የሚለውን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እኛ ክሊኒክ ኮምፒውተር ያለው ሒሳብ ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ለብሶ ይውላል።

ዘንድሮ ግን! አሁን የአንድ መካከለኛ ክሊኒክ አስተዳዳሪ ነኝ። ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፣ ገንዘባችንም ልክ አለው። አለቃዬ የሆኑት ዶክተር ጠርተው «ካርድ ክፍልን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሶፍትዌሩን አንቺ ምረጪ» ሲሉኝ ክንፍ አውጥቼ ልበር ምንም አልቀረኝ። ሻጮቹ ላፕቶፓቸውን ይዘው ተራ በተራ መጡ። ባለ ቀለም ግራፍ አሳዩኝ፣ የሐኪሙን ገጽ አሳዩኝ፣ ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ገቢውን የሚያይበትን ገጽ አሳዩኝ። እኔ ግን ሁሉንም ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፦ «እስቲ ፀሐይ ኃይሉን ፈልጉልኝ።»

ስሙን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፤ ችግሩን ግን ካርድ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንዷ መዝጋቢ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላዋ በጸሎቱ ጸ ትጽፋለች። አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በብዙኃኑ ኀ። በላቲን ፊደል ሲሆንማ እያንዳንዱ እንደ መሰለው ነው። ሶፍትዌሩ አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሴትዮዋ በመጣች ቁጥር «የለችም» ይላል፤ አዲስ ካርድ ይከፈታል፤ የቀይ እስክሪብቶው ነገር እንደገና ሊደርስ ነው። በሺህ ዶላር የተገዛ ቢሆን ምን ይጠቅመኛል?

ቀጥዬ ጳጉሜ 3 የተወለደ ሕፃን መዝግቡልኝ አልኩ። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ፕሮግራም እምቢ አለ። እናትየዋ መስኮቱ ላይ ቆማ ሴፕቴምበር 8 ነው ብላ እንድታሰላ ልንጠብቅ ነው? ከዚያ ቀጠሮ። ማሽኑ «8:00» ብሎ ያተመውን ወረቀት የያዘ ታካሚ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንጠብቀው ምሳውን በልቶ ከሰዓት ይመጣል፤ ልክም ነው፣ በእኛ ሰዓት ስምንት ሰዓት ያኔ ነው። አንዳንዶቹ ሻጮች «ይህ ትንሽ ነገር ነው፣ በኋላ ይስተካከላል» አሉኝ። አንድ ወጣት ግን ዝም ብሎ ደብተሩን አውጥቶ ያልኩትን ሁሉ ጻፈ። ልቤ ያኔውኑ ወደ እሱ አደላ።

የዋጋው ነገር ብዙ አስተማረኝ። አሜሪካ ሐኪም የሆነ ዘመድ አለኝ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሕግ፣ ኤሌክትሮኒክ መዝገብን በአግባቡ ለተጠቀመ ሐኪም ሜዲኬር በተባለው የመንግሥት የጤና መድን በኩል በየዓመቱ እየተከፋፈለ እስከ 44,000 ዶላር ይሰጥ እንደነበር ሲያጫውተኝ አፌን ከፍቼ ሰማሁት። ግን ሌላም ነገር ነገረኝ። ፕራክቲስ ፊውዥን የሚባል፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር ነጻ ሶፍትዌር ነበር፤ ትንንሽ ክሊኒኮች በብዛት ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦልስክሪፕትስ ለሚባል ኩባንያ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት ወርሃዊ ክፍያ መጣ። ታዲያ መዝገቡን ሁሉ እዚያ ያስገባ ሐኪም ምን ያድርግ? ከዚያ በኋላ ለሻጭ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ተወለደ፦ «ነገ ብንለያይ መረጃዬን በምን መልክ ታስረክቡኛላችሁ?» ይህን ሲሰማ የሚንተባተብ ሻጭ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያምር አይሆነኝም።

በዶላር በየወሩ የሚከፈለውንም ተውኩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ታካሚዎቼ የሚከፍሉኝ በብር ነው፤ በየወሩ የምንዛሪ ዜና እያየሁ ካርድ ማውጣት አልችልም።

ያ ደብተር ያወጣው ወጣት ባህምኒ የሚባል ሶፍትዌር አሳየኝ። ታሪኩን ሲነግረኝ ደስታዬ እጥፍ ሆነ! መሠረቱ ኦፕን ኤምአርኤስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የኢንዲያናው ሬገንስትሪፍ ተቋምና ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ ጀመሩት፣ በ2006 ደግሞ እዚህ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኤልዶሬት ሥራ ላይ ዋለ። ባህምኒ በበኩሉ ሕንድ ውስጥ፣ ቻቲስጋር ክልል፣ ጋኒያሪ በሚባል ገጠር ላለ ሆስፒታል ተብሎ የተሠራ ነው። መብራትም ኢንተርኔትም እንደልብ ለማይገኝለት ሰው የታሰበ ማለት ነው። ኦፕን ኤምአርኤሱ ላይ የላብራቶሪና የሒሳብ ሥራውን የሚይዙ ሌሎች ነጻ ፕሮግራሞች ገጥመውበታል። የሁሉም ኮድ ክፍት ነው፤ ላይሰንስ አይከፈልበትም። ማንም ገብቶ ማስተካከል ይችላል፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኼ ነበር።

ወጣቱና ባልደረቦቹም አስተካከሉት! ፀንና ጸን፣ ሀን፣ ሐንና ኀን ፍለጋው ላይ እንደ አንድ እንዲያያቸው አደረጉ። ቀኑ ከሥር በፈረንጅ ይቀመጣል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ከነጳጉሜው በእኛ ይወጣል። «ፀሐይ ኃይሉ» ብዬ በተለያየ ፊደል ሁሉ እየጻፍኩ ስሟ እየተንደረደረ ሲመጣልኝ ሪሴፕሽን ላይ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ ጠርቼ አሳየኋቸው። ሲስተርም ከመርፌ ክፍል መጥታ «እስቲ እኔ ልሞክር» አለች።

ሶፍትዌሩ ነጻ ነው ማለት ግን ወጪ የለም ማለት አይደለም። ገንዘባችን የሄደው ሲስተሙን ለገጠሙት ልጆች፣ ለሥልጠናው፣ ለዓመታዊ ጥገናው ውልና ለዕቃው ነው። ሰርቨሩ እዚሁ ግቢ ውስጥ ስላለ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራ አይቆምም። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሰርቨሩንና ራውተሩን ይይዛል፤ ላፕቶፖቹ የራሳቸው ባትሪ አላቸው። ባክአፑ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ሐርድ ዲስክ ላይ በየማታው ይገለበጣል፤ አንዱ ቅጂ ከግቢው ውጭ ያድራል፤ በየወሩም ከቅጂው ላይ መልሰን እየጫንን እንፈትሸዋለን። ድሮ ካርዱን ላዩ ላይ የሰው ሕመም ተጽፎበት ካርድ አመላላሹ በኮሪደር እያሳየ ይዞት ያልፍ ነበር፤ ዛሬ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛም የሚገባው በራሱ የይለፍ ቃል ነው፤ ማን የማንን መዝገብ እንደከፈተም ይታያል።

የድሮውን ወረቀት በሙሉ አልገለበጥነውም፤ አያስፈልግም። ታካሚው ሲመጣ ፎልደሩ ይወጣና የማይስማማው መድኃኒት፣ የቆየ ሕመሙና አሁን የሚወስደው መድኃኒት ይገባል። ሌላው ባለበት ይቆያል። ባለፈው ሰሞን አንድ አባት የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ሲል የሐኪሙ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያው ቦግ አለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረ፣ አባባም ማዘዣቸውን ይዘው ወደ ፋርማሲ ሄዱ። እኔ ግን ቢሮዬ ገብቼ በደስታ ለጋሼ ስልክ ደወልኩ፤ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ነው። «ቀዩ እስክሪብቶ ተመለሰ!» ስለው እየሳቀ «እስቲ መጥቼ አያለሁ» አለኝ። መጥቶም አየ፤ የድሮ ታካሚዎቹን ስም እየጠራ አስፈለገን፣ በተገኙ ቁጥር ጉልበቱን መታ።

አሁን ደግሞ የላብራቶሪው ማሽን ውጤቱን ራሱ ወደ ሲስተሙ እንዲልክ ልናገናኘው ነው። ሲስተሙን የገጠሙት ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ፤ የላብራቶሪ ባለሙያችን ኬብሉን ከአሁኑ ገዝቶ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጧል፣ ጠዋት ጠዋትም «መጡ?» እያለ ይጠይቀኛል።