ጓንቱን ለማን ሰጠኸው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ብርድ ነው። ስለ መንፈሳዊ ብርድ ማለቴ አይደለም። ጣት ስለሚያደነዝዘው፣ ላም ሥር ቁጭ ብለው ስለሚያስለቅሰው ብርድ ነው። የአርሲ፣ የባሌ ወይም የመንዝ ደጋ ሰዎች ወዲያው ይገባችኋል። ቆላ ለምትኖሩ ግን ጥቂት ላብራራ።

የተጋባነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ባለቤቴ ከበቆጂ ብዙም በማትርቅ አንዲት አጥቢያ እንዲያገለግል ተመደበና ተያይዘን ሄድን። በቆጂ የእነ ደራርቱ ቱሉና የእነ ቀነኒሳ በቀለ አገር ናት፤ ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ያን ጊዜ፣ «እነዚህ ልጆች የሚሮጡት እንዲሞቃቸው ይሆን እንዴ?» እያልሁ እስቅ ነበር።

ክፉው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና ስለማይሸፍነው ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊት ተንኖ ይሄዳል፤ ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ገብሱ የሚታጨደውም በዚሁ ወቅት ነው። አጨዳው ፀሐይ ወጥቶ ጤዛው እስኪረግፍ ሊቆይ ይችላል። ላም ግን አትቆይም።

የአገልጋይ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሁለት ላሞች ገዛን፤ አንደኛዋ የፈረንጅ ዲቃላ ነበረች። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ ካዱ ከተጀመረ ወዲህ በአርሲ እንዲህ ያሉ ላሞች ብርቅ አይደሉም። በእኩል የያዝናት ትንሽ የገብስ ማሳም ነበረችን። ጎረቤቶቻችን ለአሰላው ብቅል ፋብሪካ የሚሆን የቢራ ገብስ ይዘሩ ነበር፤ የእኛ ለቆሎና ለበሶ ነው። አገልጋይ የቢራ ገብስ ይዝራ አይዝራ የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወው።

ከተማ ነው ያደግሁት። በመጀመሪያው ኅዳር የላሟን ጡት በቀዝቃዛ ውኃ አጥብና እጄን ሳላደርቅ ማለብ እጀምር ነበር። ጣቶቼ እስከ መሐል መገጣጠሚያቸው ድረስ እንደ ሻማ ይነጣሉ። ባለቤቴ በዚያች ሰዓት ማለዳ ጸሎት ላይ ነው። ከጸሎት ቤቱ መዝሙር ይሰማኛል፤ እውነቱን ልናገርና አብሬ አልዘምርም ነበር።

ችግሬን የሰማችው የባለቤቴ እኅት ከአዲስ አበባ የሱፍ ጓንት ሠርታ ላከችልኝ፤ ቡናማ ነው፣ አንጓው ረዘም ያለ። ለእኔ ከወርቅ ይበልጥብኝ ነበር። አንድ ቀን ንጋት ላይ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ አጣሁት።

ባለቤቴን፣ «ጓንቱን አይተኸዋል?» አልሁት።

«ትናንት ማታ ለወንጌላዊው ሰጠሁት። ሌሊት በፈረስ ይወጣል፤ እጁ ባዶ ነበር» አለኝ። ደስ እያለው ነው የነገረኝ።

አንድም ቃል ሳልመልስለት ወጣሁ። የዚያን ዕለት ውርጭ የከፋ ነበር። አልቤ ስጨርስ እጄ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ሮጬ ማድ ቤት ገባሁና እጆቼን ከፍሙ ላይ ዘረጋሁ። ምንም አልተሰማኝም። ይበልጥ አስጠጋሁ፤ አሁንም ምንም። ሲሰማኝ ግን ሦስቱ ጣቶቼ ተቃጥለው ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ሊጥ አላቦካሁም፣ ልብስም አላጠብሁም።

ከምእመናኑ አንዷ ነርስ ነበረች። እያከመችኝ ያስረዳችኝን አልረሳውም። ሰውነት ሲበርደው ልብንና ሳንባን ለማዳን ሲል ከእጅና ከእግር ደም ይቀንሳል። የደነዘዘ እጅ ደግሞ እሳትን አያውቅም፤ ስለዚህ ፍም ላይ፣ ትኩስ ድስት ላይ ወይም የፈላ ውኃ ውስጥ አይገባም። ብብት ውስጥ ይሸጎጣል፤ ወይም ለብ ባለ፣ ሌላ ሰው በክርኑ በለካው ውኃ ይነከራል። ደግሞም፣ «እጅሽ እንዲሞቅ መጀመሪያ ደረትሽን አልብሺ፤ ሆድሽም ባዶ አይሁን» አለችኝ። እኔ ነጠላ ጣል አድርጌ በባዶ ሆዴ ነበር የምወጣው።

የቀረውን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። የአሮጌ ሹራብ እጅጌ ቆርጠው አንጓዬ ላይ አለበሱኝ፤ ጣቶቼ ለማለብ ነፃ ሆኑ፣ ደሙ የሚያልፍበት አንጓ ግን ሞቀ። ውኃው ለብ ይበል፣ ለላሟም ይሻላታል አሉኝ። ካጠብሽ በኋላ የላሟንም ጡት የራስሽንም እጅ በደረቅ ጨርቅ አድርቂ፤ የሚገድለው እርጥበቱ ነው አሉ። ለአጨዳ ሱፍ እንጂ ጥጥ አይሁን፤ ሱፍ ቢረጥብም ይሞቃል፣ ጥጥ ግን ከረጠበ ከባዶ እጅ ይብሳል። ጣት የሚያጣብቅ ጓንትም ደም ስለሚያግድ ሰፋ ያለው ይመረጣል። የማጭዱንም እጀታ በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። (አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር፤ ብርድ ነው ብላችሁ በተዘጋ ቤት ከሰል አታንድዱ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።)

ከባለቤቴ ጋር የተነጋገርነው ግን በሦስተኛው ቀን ነው። የታሰረውን እጄን አሳየሁትና፣ «የወንጌላዊውን እጅ አይተህ አዘንህ፤ መልካም። የእኔን እጅ ያየኸው መቼ ነው?» አልሁት። ሊመልስልኝ ፈለገና ተወው። አንገቱን እንደ ደፋ ብዙ ቆየ። «አላየሁትም» አለኝ።

እኔም የሚያሳፍረኝ ነገር ነበረኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ምሳሌ 31 ጥናት ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ስለዚያች ሴት ትጉ እጆች ገጾች ሞልቻለሁ። ቤተ ሰቦችዋን ለብርዱ እንዳለበሰች ቁጥር 21 ይናገራል፤ ይህን ጽፌአለሁ። ቁጥር 22 ላይ ለራስዋም እንደ ሠራች ግን አልፌው ነበር። ለራሴ መለመን ሥጋዊነት ይመስለኝ ነበርና እስክቃጠል ድረስ ብርዱን ለባለቤቴ አንድም ቀን በግልጽ አልነገርሁትም። ጳውሎስ እንኳ ከእስር ቤት ሆኖ ካባውን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ጠይቋል (2ጢሞ 4፥13)፤ ከክረምትም በፊት እንዲደርስለት ለምኗል።

እጄ እስኪድን ድረስ ማለቡን ባለቤቴ ያዘው። ዲቃላዋ በመጀመሪያው ቀን ባልዲውን ረግጣ ደፋችው፤ እርሱንም ጭኑ ላይ መታችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «መጋቢ ላም ያልባል እንዴ?» ብለው ሳቁበት። ነገሩ ቆረጠው መሰለኝ፣ ሁለት ቀን አኩርፎ ዋለ፤ ማለቡን ግን አልተወም። እኔ ከዳንሁ በኋላ ማለቡ ወደ እኔ ተመለሰ፤ ውኃውን ማሞቅና ጡቱን ማጠብ ግን የእርሱ ሆኖ ቀረ። ወደ ማለዳ ጸሎት ከመሄዱ በፊት ተነሥቶ እሳት ያያይዛል። አንዳንድ ቀን ለጸሎቱ ይዘገይ ነበር፤ በዚህም ያሙት ነበር።

ወንጌላዊው ለገና መጣ። ጓንቱን አድርጎ ነበር። መልሼ ልቀበለው አስቤ እንደ ነበር አልክድም። ፈረሱን አስሮ ገባና እጆቹን ሲገልጥ፣ በልጓም የተላጡት መዳፎቹ ጠገግ ይዘው አየሁ። ሻይ ቀዳሁለት።

ዛሬ የምንኖረው ከተማ ነው፤ ላም የለንም። የባለቤቴ እኅት ግን በተገናኘን ቁጥር፣ «ያ ጓንት ጠቀመሽ?» ትለኛለች፤ እኔም «እንዴታ!» እላታለሁ። ይህን መጽሔት በየወሩ ትገዛለች። እንግዲህ ዛሬ ታውቃለች።